ሽምግልና በጃፓኑ ገበታ

ወይዘሮ ሄራን ሻንጣ አልያዙም። ወደ ኦሳካ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለሚበር ሰው ነገሩ እንግዳ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ካሜራ ግን ሻንጣ አለመያዝን ከጥፋት አይቆጥርም። መዝግቦ አሳለፋቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ደገፍ ብለው፣ ለቅሶም ሠርግም ለምዶት እንዳደገ ሰው ዘና ብለው ገቡ።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ሰባ ስምንት፣ ወሩ ኅዳር፣ ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ቀበቶውን ፈትቶ በማሽን ሥር የሚያልፍበት ዘመን ካከተመ ሃያ ዓመት ሆኖታል። አሁን ተጓዥ የሚፈተሸው ሲበላ ነው። ገበታ ላይ አርባ ደቂቃ ይቀመጣል፤ ሾርባው ትንፋሹን፣ ወንበሩ የልብ ምቱን፣ ቾፕስቲክ የሚባሉት ሁለቱ የመብያ እንጨቶች የጣቶቹን መንቀጥቀጥ ያነባሉ። በገበታው መካከል ያለችው ትንሽ መብራት ቢጫ ሆና ትጀምራለች። አረንጓዴ ከሆነች ይበረራል። ከቀላች ዘጠና ቀን አይበረርም። ይግባኝ የለም። ጣሊያን ቤት መመገብ የሚፈቀደው ለአጭር በረራ ብቻ ነው፤ ሹካ እጅን ይሸሽጋል ተብሎ። ረጅም የሚበር ሁሉ ጃፓን ቤት ይቀመጣል። ሰዉ ለምዶታል። እናቶች ልጆቻቸውን ገና በአምስት ዓመታቸው ባቄላ በቾፕስቲክ ያስለቅሟቸዋል፤ ያልጣለ ይመረቃል፣ የጣለ እንደገና ይለቅማል።

የሚበላው ሁለት ሁለት እየተሆነ ነው። የሚጫወት ሰው ዝም ከሚል ሰው ይልቅ ቶሎ ይነበባል ስለተባለ ለሁለት ሰው አንድ ገበታ፣ አንድ መብራት ተሰጠ። አንዱ ካቀላት ሌላውም ይቀራል። ስለዚህ ተጓዥ አብሮት የሚበላውን ሰው የትዳር ጓደኛ እንደሚመርጥ አጥንቶ ይመርጣል። ወይዘሮ ሄራንም መርጠው ነው የመጡት።

የመረጡት ሰው ባሮክ ተክለሚካኤል ይባላል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በየአገሩ ለወደቦች የባሕር ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ። አስካለ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ወይዘሮ ሄራን የመጡት ይህችን ልጅ ለክርስትና ልጃቸው ለተሰማ ሊጠይቁ ነው። ባሮክ ይህን አያውቅም። አንዲት ባልቴት አብራው ለመብላት ጠየቀች፣ እሺ አለ፤ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ሽማግሌ ለመላክ ደጅ ያስፈልጋል። ባሮክ ደግሞ ደጅ የለውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እግሩ ከኤርፖርቱ ውጭ ያለውን አፈር አልረገጠም። በየሦስት ወሩ ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ሲሻገር እዚህ ሦስት ሰዓት ያርፋል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ በስክሪን ሽማግሌ ቢላክበት "ልጄን በስክሪን አልሰጥም፤ የፈለጋት ደጄ ይምጣ" ብሎ መለሰ። የትኛው ደጅ እንደሆነ ሲጠይቁት ስክሪኑን ዘጋው። አሁን ደግሞ ከባሕር ሥር የአራት ዓመት ሥራ ይዟል። ሥራው ቅዳሜ ይጀምራል፤ እስኪያልቅ መውጣት የለም። አስካለ "አባቴ በቃሉ ሳይሰጠኝ አላገባም" ብላ ቁርጧን ተናግራለች። ዛሬ ካልሰጠ ለጥር የታሰበው ሠርግ ለአራት ዓመት ይዘገያል ማለት ነው።

"ሰው ደጅ ከሌለው ገበታው ደጁ ነው" አሉ ወይዘሮ ሄራን። ቲኬቱን እድሩ ቆረጠላቸው።

በሃያ ዓመት ውስጥ አሥራ ሰባት ትዳር አስይዘዋል፤ አንድም ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። የሠፈሩ ሰው ጤፍ የሚቆላ ምላስ አላቸው ይላል። እሳቸው ግን ምስጢሩ ከምላስ ሳይሆን ከጉልበት ነው ባይ ናቸው። ቁጭ በሉ ሲሉት ያልተቀመጠ፣ ብሉ ሲሉት ያልቀመሰ ሽማግሌ መቼም አይሸነፍም።

አስተናጋጇ በእንፋሎት የሞቀ ፎጣ አቀረበችላቸው። ኪሞኖ የተባለውን የጃፓን ቀሚስ የለበሰች የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፤ ደረቷ ላይ "መቅደላዊት" የሚል ተለጥፏል። ባሮክ እጁን ጠረገና ፎጣውን አራት አጥፎ አስቀመጠ። ኮቱ ላይ ትንሽ የብር ዓርማ አለ፤ በየአገሩ ኤርፖርት መቶ ጊዜ በተከታታይ አረንጓዴ ላበራ የሚሰጥ ነው። ሰው ከእሱ ጋር ለመብላት ይሰለፋል። ፊቱ ደልዳላ ነው፤ ሐዘንም ደስታም ካለፈበት የቆየ ፊት።

"ኦሳካ ልጅ አለዎት?" አለ ባሮክ፣ ጨዋታ ለመክፈት ያህል።

"የለኝም።"

"ታዲያ በዚህ ዕድሜዎ ለሥራ ነው እንዳልል..."

"ለሥራ ነው እንጂ። ሥራዬ ግን እዚሁ ያልቃል።"

ሚሶ የሚባለው የአኩሪ አተር ሾርባ በጥቁር ጎድጓዳ ሳህን መጣ። ባሮክ በሁለት እጁ አንሥቶ ፉት አለ። ወይዘሮ ሄራን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው አዩት።

"ይጠጡት እንጂ። የሚነበበው ትኩስ ሳለ ነው።"

"አቶ ባሮክ" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱም ሳይጨምሩም። "በደንቡ ቆሜ ነበር የምነግርዎ። ይህ ወንበር ግን ከተነሡበት ፍተሻውን ሀ ብሎ ያስጀምራል አሉኝ። ስለዚህ መቀመጡን ተቀምጫለሁ። መቅመሱን ግን አልቀምስም። ልጅዎን አስካለን ለልጃችን ለተሰማ እንዲሰጡን ልንለምንዎ መጥተናል። ቃልዎን ሳልሰማ ከዚህ ገበታ እህል በአፌ አይዞርም።"

የባሮክ ሳህን አየር ላይ ቆመ። ከዚያ በቀስታ፣ ጠብታ ሳያፈስ አስቀመጠው። መብራቷ ቢጫ ናት። ፈገግ አለ፤ እዚህ ቤት ለማንኛውም ነገር መጀመሪያ ፈገግ ይባላል።

"መጥተናል? እርስዎ አንድ ሰው ነዎት። አንድ ሰው ሽማግሌ አይባልም።"

"በስተቀኝዎ ይመልከቱ።"

ከመስታወቱ ግድግዳ ማዶ፣ ሸኚዎች በሚቆሙበት አዳራሽ፣ ጋቢ የለበሱ ሁለት አዛውንት ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። አጠገባቸው ባዶ አግዳሚ ወንበር አለ። አንደኛው ባርኔጣቸውን አነሡ።

"አቶ ናሆምና አቶ ያብስራ ናቸው" አሉ ወይዘሮ ሄራን። "ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረው ቆመዋል። አቶ ያብስራ ሪህ አለባቸው፤ ግን ቃል ሳይሰሙ አይቀመጡም።"

ባሮክ ሰዓቱን አየ፤ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። አብራው የተቀመጠችው ሴት ካልበላች መብራቷ አረንጓዴ አትሆንም። አብራው የተቀመጠችው ሴት ደግሞ እሱ ካልተናገረ አትበላም። መቆጣት ይችል ነበር፤ ቁጣ ግን ወንበሩ ይሰማዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች እየተሳሳቁ ተጣሉ። ከሩቅ ላያቸው የድሮ ጎረቤታሞች ይመስላሉ።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል" አለ ባሮክ በለሰለሰ ድምፅ። "በኤርፖርት የተሰጠች ልጅ በኤርፖርት ትመለሳለች።"

"እኛ መች ሮጥን? የሚሮጡት እርስዎ ነዎት። እኛ ዓመት ሙሉ ቆመን ነው የጠበቅንዎ።"

"ልጁን አላውቀውም።"

"ይጠይቁኝ። አልዋሽዎትም፤ ብዋሽማ ይህች መብራት ታጋልጠኛለች።"

ይህን ሲሉ ደስ አላቸው። ሌላው ሽማግሌ የሚፈራትን መብራት እሳቸው ምስክር አድርገዋታል። የተጠበሰው ዓሣ መጣ፤ ባሮክ አጥንቱን አንድ በአንድ እየለየ መብላቱን ቀጠለ።

"ሥራው ምንድን ነው?"

"የከተማው ባቡር ብሬክ ይጠግናል። በእሱ እጅ ያለፈ ባቡር መቆም አቅቶት አያውቅም።"

"ጉድለቱስ?"

"ያንኮራፋል። እኔ ሁለት ቤት አልፌ ነው የምኖረው፤ ይሰማኛል። ሲቆጣ ግን ሰምቼው አላውቅም።"

ባሮክ ሳያስበው ሳቀ። መብራቷ ወደ አረንጓዴ ዘንበል ብላ ተመለሰች። ወይዘሮ ሄራን ነገሩ እጃቸው እንደገባ አወቁ። በአሥራ ሰባቱም ትዳር ላይ አባት ከሳቀ በኋላ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነበር።

"እንግዲህ ልጁን አልጠላሁትም" አለ ባሮክ። "እንቢ ያልኩት ጊዜ አጥቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።"

መብራቷ ብልጭ አለች። ጫፏ ለአንድ አፍታ ቀላ፣ ከዚያ ተመለሰ።

"አላመነችዎትም" አሉ ወይዘሮ ሄራን።

ባሮክ የዓሣውን አጥንት ወደ ሳህኑ ዳር ገፋ። መቅደላዊት ሱሺውን፣ ዓሣ የተደረበበትን የሩዝ ጥቅል፣ በእንጨት ጣውላ ላይ ደርድራ አቀረበች፤ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ፍሬ፣ ከጎኑ ዝንጅብልና እንደ ሰናፍጭ የሚያቃጥል ዋሳቢ። የወይዘሮ ሄራን ሾርባና ዓሣ እንደቀረቡ ቀዝቅዘዋል። አስተናጋጇ ያልተነካውን ሳህን አይታ ወይዘሮ ሄራንን አየቻቸው፤ ከዚያ መስታወቱ ማዶ የቆሙትን ሽማግሌዎች አየች። ባዶውን ትሪ ይዛ ሄደች።

"እሷስ ምን አለች?" አለ ባሮክ። "አስካለ።"

"'አባቴ ከሌለ እጄን ይዞ ማን ያስረክበኛል' ነው ያለችው።"

የባሮክ ቾፕስቲክ ጣውላውን አንዴ ነካ፤ ጠቅ አለ። ቶሎ ብሎ ሁለቱንም እጁን ከገበታው ሥር አስገባ።

"ተጓዥ" አለ ከገበታው የሚወጣ ትሑት የሴት ድምፅ፣ "እባክዎ እጅዎን ወደ ገበታው ይመልሱ።"

መለሰ። መዳፎቹን ከፍቶ በሳህኖቹ ግራና ቀኝ አሳረፋቸው። ሲናገር የአየር ጠባይ እንደሚያነብ ሰው ነበር።

"ባለቤቴ ኤዶም ስታርፍ ኦሳካ ነበርኩ። ሌሊት ነገሩኝ፣ ጠዋት ኤርፖርት ደረስኩ። ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ገበታ፣ አንድ ዓይነት ሾርባ። ሁለት ጊዜ ፉት ሳልል እንባዬ ሾርባው ውስጥ ገባ። መብራቷ ቀላች። አብራኝ የተቀመጠችው ልጅ ጮኸችብኝ፤ እሷም በእኔ የተነሣ ቀረች። ዘጠና ቀን። ቀብሩ አለፈ፣ ሰልስቱ አለፈ፣ አርባውም ሰማንያውም አለፈ። አስካለ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ሬሳ የሸኘችው ብቻዋን ነው።"

ወይዘሮ ሄራን የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

"ከዚያ ወዲህ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ተለማመድኩ። ይኸው መቶ ጊዜ አረንጓዴ። ቤቴ ያልገባሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም። የሚስቱን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በየትኛው እግሩ ደጁን ይረግጣል? አሁን 'ሰጥቻለሁ' ያልኩ እንደሆነ አለቅሳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ካለቀስኩ አልበርም። ካልበረርኩ ሥራዬም ያልቃል፤ እርስዎም አብረውኝ ይቀጣሉ። ያቺ ኦሳካ የጮኸችብኝ ልጅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።"

መብራቷ ፀጥ ብላ ቢጫዋን ታበራለች፤ ያለው ሁሉ እውነት ነው።

ወይዘሮ ሄራን አዘኑለት። አፈሩም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲኮሩበት የኖሩት ጉልበት፣ ያ አልቀምስም ማለት፣ ዛሬ የሰው ቁስል ላይ እንደቆመ አወቁ። የሠፈሩ አባቶች እንቢ ሲሉ ከኩራት ወይም ከንፉግነት ነበር፤ ኩራትና ንፉግነት ደግሞ በመቆም ይረታሉ። ይህ ሰው ግን ዘጠኝ ዓመት በውስጡ ሲሠራው የኖረውን ግድብ ነው እያፈረሱበት ያሉት። ስለ አስካለ አሰቡ፤ አራት ዓመት ትጠብቃለች፣ ልጅ ናት፣ ትችላለች። ስለ ስማቸውም አሰቡ። የመንደሩን ወሬ ከዚህ ሆነው ሰሙት።

አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷል። ቾፕስቲኩን አነሡ።

"ይብረሩ" አሉ። "አሥራ ሰባት ድሬያለሁ፤ አሥራ ስምንተኛው ይቅርብኝ። ለአስካለ አባትሽ ታሟል እላታለሁ። እግዜር ያውቃል፣ ውሸት አይሆንብኝም።" አንዱን ሱሺ በሰባ አንድ ዓመት እጃቸው፣ ምንም ሳይንቀጠቀጡ፣ ከጣውላው ላይ አነሡት። መብራቷ ወደ አረንጓዴ መሄድ ጀመረች።

ባሮክ እጁን ሰዶ ቾፕስቲካቸውን ያዘ።

"ይተዉት!"

በአቅራቢያው ያሉ ገበታዎች ሁሉ ዞሩ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። የተቆጣ ሰው ማየት የልብ ምት ያዛባል፤ ያ ደግሞ ከበረራ ያስቀራል።

"ሳይሰሙ አይቅመሱ፣ እትዬ ሄራን" አለ ባሮክ፤ እትዬ ሲላቸው የመጀመሪያው ነበር። "የእናቷን ለቅሶ አጉድዬባታለሁ። በሠርጓ ደግሞ ሽማግሌዎቿ ቃል ሳይሰሙ በልተው ሄዱ አይባልባትም። እርስዎ ግን ከእኔ ጋር ይቀጣሉ። ይፈቅዱልኛል?"

"እኔ?" አሉ ወይዘሮ ሄራን። "ዘጠና ቀን ሙሉ ወዴት ልበር ኖሯል?"

ባሮክ ከወንበሩ ተነሣ። ወንበሩ ደነገጠ፤ የገበታው ድምፅ እባክዎ ይቀመጡ አለ፣ ደገመው። እሱ ግን ኮቱን ቆለፈ፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረና ለቆሙት ሁለት አዛውንት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ሄራን ተመለሰ።

"ልጄን አስካለን ለልጃችሁ ለተሰማ ሰጥቻለሁ። እናቷ ብትኖር እሷም ትሰጥ ነበር። ወልደው ይሳሙ፣ ዘርተው ይቃሙ..." ምርቃቱን አልጨረሰውም። የጠበቀው ነገር መጣ፤ ያውም ከጠበቀው ይበልጥ። በቆመበት፣ እጁን ገበታው ላይ አስደግፎ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። የዘጠኝ ዓመት እንባ ነበር።

መብራቷ ቀላች።

"ተጓዦች፣ ዛሬ አይበሩም" አለ ትሑቱ ድምፅ። "ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን። መውጫው በስተግራ ነው።"

መቅደላዊት መጣች። የቀላ ገበታ ወዲያው ይነሣል፤ ደንቡ ነው። ሾርባውን አነሣች፣ ዓሣውን አነሣች፣ ሱሺው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ይህን ትሪ አድርሼ እመለሳለሁ" አለች፣ ማንንም ሳታይ። "ወጥ ቤቱ ሩቅ ነው።"

ወይዘሮ ሄራን አሁን በሉ። ረኃብ ጠንቶባቸው ስለነበር ቾፕስቲኩን ትተው በጣታቸው በሉ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ባሮክ ዓይኑን በመዳፉ ጠርጎ ከራሱ ጣውላ አንድ አነሣና አጎረሳቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን ተቀበሉ። ዋሳቢው አፍንጫቸው ድረስ ወጣ፤ እሳቸውም አነቡ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሁለቱ እንባ አይለይም ነበር።

በስተግራ ያለው በር ሰፊና ባዶ ነው፤ ብዙ ሰው አይወጣበትም። ባሮክ የብር ዓርማውን ከኮቱ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። መስታወቱን ሲያልፉ አቶ ናሆምና አቶ ያብስራ፣ ቃሉ መሰጠቱን ከእጅ መንሣቱ አውቀው፣ በመጨረሻ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ሲያሹ አገኟቸው። ተሳሳሙ። ወይዘሮ ሄራን የሆነውን ሲነግሯቸው አቶ ያብስራ ያቺን የቀረችውን ምርቃት ጨረሱለት፤ ባሮክም አሜን አለ።

ውጭ ከሰዓት በኋላ ነበር። የኅዳር ፀሐይ ደረቅ ናት፤ ሜዳው ላይ የታጨደ ገለባ ይሸታል። አራቱም ወደ ባቡር መሳፈሪያው አመሩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከወዲሁ ስለ ሠርጉ ድንኳን መከራከር ይዘዋል። ባሮክ ግን ግድግዳው ላይ የተሳሉትን አምስት የባቡር መስመሮች ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ እያነበበ ቆየ። ከዚያ ወይዘሮ ሄራንን በቀስታ ክንዳቸውን ይዞ ከሌሎቹ ፈቀቅ አደረጋቸው። ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው።

"እትዬ ሄራን፣ ቤቴ የሚወስደኝ የትኛው ነው?"